የነገን አገር ስጽፍ የዛሬ ሰው ተቀየመኝ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ሆኜ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ደብዳቤና ሪፖርት ሳርም ውዬ ማታ ማታ የራሴን እጽፋለሁ። ከዚህ ቀደም አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል በራሴ ወጪ አሳትሜያለሁ። ግማሹ እስካሁን በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጀመርኩ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2060 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን አገሪቱን የሚያስተዳድራት አንድ ትልቅ እድር ነው። የየሰፈሩ እድሮች በሙሉ ወደ እሱ ተጠቃልለዋል፤ መዋጮውን ያልከፈለ ወይም ዳኛው ያልወደደው ሰው ሲሞት ጡሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ያለቀሰለትም ሰው ይቀጣል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጡሩምባ ነፊ ነው። አንድ ሌሊት እንዲነፋላቸው የተሰጠውን የሟቾች ዝርዝር ሲያነብ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ሁሉ ገና በሕይወት ያሉ ሆነው ያገኛቸዋል።

ችግሬ በሦስት በኩል መጣ። በሰባተኛው ምዕራፍ አንድ ሰፈር ሙሉ ሲነሣ፣ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ እድሩም መዝገቡን ታቅፎ ያለ ሰው ሲቀር ጽፌ ነበር። ይህን የጻፍኩት በ2015 ነው። በ2017 ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣ እኛም ተነሣን፤ አሁን የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው። የወጣን ዕለት አማቴ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዘው የቤት ቁጥሩን ቆርቆሮ ከበሩ ላይ ሲፈለቅቁ፣ ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ከፍቼ ማንበብ አልቻልኩም። ራሴ ያሟረትኩብን ይመስለኛል።

ባለቤቴ ደግሞ ሳልነግረው ላፕቶፔን ከፍቶ አነበበው። የእድሩን ዳኛ የቀዳሁት ከአጎቱ መሆኑን ወዲያው ለየ። እውነቱን ነው። የድንኳን መጋዘኑን ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው መዞራቸው፣ የአባላቱን መዝገብ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ብቻ መሙላታቸው፣ ገጽ ሊገልጡ ሲሉ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው ማርጠባቸው፣ ሁሉም የእሳቸው ነው። እኚህ ሰው ግን አባቴ ሲሞት የሁለት ወር ውዝፍ እያለብን «ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ድንኳኑን ያስተከሉልን ናቸው። ባለቤቴ «አጎቴን ሸጥሽው» አለኝ። ስለ መጽሐፉ መነጋገር ትተናል፤ ስለ ሌላውም ጉዳይ ብዙ አንነጋገርም።

በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ከሰው ሰምተው ኖሮ «ስለ ፖለቲካ ትጽፊያለሽ አሉ፤ ማንን ነው?» ብለው ሣቅ እያሉ ጠየቁኝ። እኔን አላሣቀኝም። አንዲት ጓደኛዬ «የአገሩንም የከተማውንም ስም ቀይሪውና ተገላገዪ» ትለኛለች። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር አልጻፍኩም። ልተወው? አገሩን ልቀይረው? ወይስ ባለቤቴን አስቀይሜ ልቀጥል?

ጡሩምባ ነፊዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱ ችግሮች ሰባት ወር ሙሉ አብረው ስለ ከረሙ እንደ አንድ ሸክም ከብደውብዎታል፤ ሆኖም የባለቤትዎ ቅያሜና የኃላፊዎ ጥያቄ የሚገናኙ ነገሮች አይደሉም፣ ሰባተኛውን ምዕራፍ ያዘጋብዎትም ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው እንየው። እኔ ከሁሉ የከበደ የመሰለኝ እርስዎ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነው፤ «ራሴ ያሟረትኩብን ይመስለኛል» ያሉት።

እኛ ዘንድ ስለ ነገ መናገር እንደ ተራ ጨዋታ ታይቶ አያውቅም። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ስላለ የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ያንን ስም መረጡ። የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ተናገሩት የሚባለው ግጥምም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከየቤቱ ይወጣል። ስለ ነገ የተጻፈ መጽሐፍ የሚከፍት አማርኛ አንባቢ ግማሽ ጆሮው ንግርት እየሰማ ነው፤ እርስዎም ከዚያው አንባቢ የወጡ ነዎትና የጻፉት ሲደርስ የባለ ንግርት ጭንቀት ያዘዎት። ነገር ግን በ2015 ካዛንቺስ ተቀምጠው ሲጽፉ የተገለጠልዎት ነገር አልነበረም። ከእናንተ በፊት የተነሡ ሰፈሮችን አይተዋል፣ ሽማግሌዎች በየድንኳኑ ሲያወሩ ሰምተዋል፣ የሰሙትን ወደፊት ገፋ አድርገው አሰቡት። ሰማዩ ሲጠቁር ልብሷን ከገመድ ላይ የሰበሰበች ሴት ዝናቡን እሷ አላመጣችውም።

እንዲያውም ንግርት ላለመሆኑ ማስረጃው ራስዎ የጻፉልን ነው፤ ቆርቆሮውን አላዩትም ነበር። ሰባተኛውን ምዕራፍ አላነበብኩትም፤ ብገምት ግን አቧራ፣ መኪና፣ የሚያለቅሱ ሰዎች ይኖሩበታል። አማትዎ ያደረጉትን፣ ማለት የወጥ ቤት ቢላዋ ይዞ ቁጥር መፈልቀቁን፣ በ2015 ማንም ቁጭ ብሎ ሊያስበው የሚችል አይመስለኝም። በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ሌላ ነገርም ታዘብኩ። ለአማትዎ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሰጥተው ለራስዎ የተረፈችው «እኛም ተነሣን» የምትል ናት። እርስዎስ ምን ይዘው ወጡ? ምን ትተው ወጡ? ምናልባት ምዕራፉ የተዘጋብዎት ደራሲዋ ስለ ፈራች ሳይሆን ሐዘንተኛዋ ገና ስላልተነሣች ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ ሰባተኛውን ምዕራፍ ለጊዜው አይክፈቱት ብዬ እመክራለሁ። ይልቅ በተራ ደብተር፣ በእጅዎ፣ ያንን ዕለት ከንጋት እስከ ምሽት ይጻፉት። ለመጽሐፉ ብለው አይጻፉት፤ 2060 አይግባበት፣ ትልቁ እድርም አይድረስበት። ሦስት ገጽም ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምዕራፉን ሲከፍቱ የትኛው መስመር ከሌላ ሰው አፍ የተዋሱት እንደሆነ በአራሚ ዓይንዎ ወዲያው የሚለዩት ይመስለኛል። ቆርቆሮው ይግባ ወይም አይግባ የሚለውን ያን ጊዜ ይወስናሉ። አማትዎ በነጠላቸው የቋጠሩትን ለመጻፍ እሳቸውን መጠየቅ የሚያስፈልግም ይመስለኛል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ሳይፈቀድለት ላፕቶፕ ከፍቶ ማንበቡ ጥፋት ነው፤ ይህም አንድ ጊዜ፣ ድምፅ ከፍ ሳይል፣ ሊነገረው ይገባል። ከዚህ በኋላ ግን ምን እንዳገኘ በእሱ ቦታ ሆነው ይዩት። እሱም ካደገበት ሰፈር የተነሣ ሰው ነው። ከዚያ ሰፈር የተረፈው አጎቱና የአጎቱ መዝገብ ነው። እርስዎ በጻፉት ውስጥ ያገኛቸው ደግሞ ማን ይለቀስለት፣ ማን አይለቀስለት ብለው የሚፈርዱ ሰው ሆነው ነው። «ሸጥሽው» ያለው ከባድ ቃል ነው፤ ገና ያልታተመ መጽሐፍ ግን ገዢ የለውም፣ ስለዚህ የሚያስጨንቀው የተደረገው ሳይሆን ሊመጣ ይችላል ብሎ የሚፈራው ነገር ይመስለኛል። ምናልባት አጎቱ ፊት የሚቆምበትን ቀን፣ ምናልባትም የእርስዎን መጠየቅ ይፈራ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «የቱ ቦታ ላይ ነው ያመመህ?» ገጹን ይንገርዎት። እሱ ሲናገር ገጸ ባሕርይና ሰው ይለያያሉ የሚለውን ማስረጃ አያቅርቡ። ነገሩ እውነት ነው፤ እኛ በጽሑፍ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን ይህን እውነት ቶሎ የምንመዘው ጥፋታችንን ላለመስማት ስንፈልግ ነው፣ እራት ማዕድ ላይ ደግሞ ማንንም ሲያስታርቅ አላየሁም።

በአጎትየው ነገር በግማሹ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ፤ ይህን የምለው ለጽሑፉም ጭምር አስቤ ነው። ቁልፉን፣ አረንጓዴውን እስክሪብቶና የሚረጥበውን አውራ ጣት ከዳኛው ላይ ይውሰዱበት። ሰውየው ቆሞ ይሄዳል? ከወደቀ የያዙት ገጸ ባሕርይ ሳይሆን የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ነበር ማለት ነው። ቆሞ ከሄደ ምልክቶቹ አያስፈልጉትም፤ አረንጓዴው እስክሪብቶ ከጡሩምባ ነፊው ኪስ ቢገኝ ምን ይሆናል?

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። እውነተኛው ዳኛ ውዝፍ ላለበት ቤት ድንኳን አስተከሉ። የእርስዎ ዳኛ ለባለ ውዝፍ ድንኳን ይከለክላል። መልኩን ከአንድ ሰው ወስደው ግብሩን ከተቃራኒው ሰው አመጡለት። ባለቤትዎን ያመመው ይኸው ሊሆን ይችላል። እንደ አንባቢ ግን እኔን ያጓጓኝም ይኸው ነው፤ «ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን» ይል የነበረ ሰው በምን በኩል ዞሮ የሟቾችን ዝርዝር የሚፈርም ሰው ይሆናል? በፖለቲካ ልብ ወለዶቻችን ደጋግሜ የማየው ድክመት ሥልጣን የያዘው ሰው ከእናቱ ማሕፀን ክፉ ሆኖ መውጣቱ ነው። ከደግነቱ የሚጀምር ዳኛ ይበልጥ ያስፈራኛል። እድር ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በዚህች ከተማ የተስፋፋው ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ነው። በዚያ ደግነት ውስጥ ግን ማስገደጃም አለ፤ መቅረት ያስቀጣል፣ ውዝፍ ያሳፍራል፣ ስምም ከመዝገብ ይሰረዛል። ትልቁን እድር የፈጠሩት ከዚህ ስንጥቅ ውስጥ ከሆነ መነሻዎ ጥሩ ነው።

እሳቸውን ሄደው ይጠይቋቸው። የመጀመሪያው ቀን ስለ መጽሐፍ የሚወራበት አይሁን። መዝገቡን አሁን ምን እንደሚያደርጉት፣ አባላቱ ተበትነው ሞት ሲመጣ ለማን እንደሚደወል፣ ድንኳኑ የት እንዳለ ይጠይቋቸው፤ መጠየቁ ራሱ የሚናፍቃቸው ይመስለኛል። በሌላ ቀን ግን፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ከእርስዎ አፍ ይስሙት፦ «ጋሼ፣ ስለ እድር እየጻፍኩ ነው፤ ዳኛውን መጻፍ ስጀምር እርስዎን እያሰብኩ ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል» ይበሏቸው። ለዚህም ነው ዳኛው አስቀድሞ በእርግጥ ሌላ ሰው መሆን ያለበት።

የኃላፊዎን «ማንን ነው?» በተመለከተ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ጓደኛዎ ያለችው መፍትሔ፣ አገሩን መቀየር፣ ይህን ጠያቂ የሚያሳርፈው አይመስለኝም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያቀረቡት ተውኔት ተዋንያኑ አውሬዎች ነበሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩን ፈትቶ ቴአትሩን አስቆመ። በ1950ዎቹ አቤ ጉበኛ በ«አልወለድም» ያናገረው በማሕፀን ያለን ጽንስ ነበር፤ እሱም ከመታገድ አላመለጠም። የሰው ስም በአውሬ ስም ቢተካም፣ ተናጋሪው ገና ያልተወለደ ቢሆንም፣ ፈቺ አልጠፋም።

በዓሉ ግርማም አለ፤ አልጠራውም ብል እርስዎ ያስታውሱታል። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከባለ ሥልጣናቱ ጋር እያመሳሰለ አነበበው፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚህች ከተማ ብዕር የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ እየሰማ ያድጋልና ፍርሃትዎ መሠረት የለውም ብልዎ ዋሸሁ። ዛሬ ሕጉ ያኔ እንደነበረው አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፣ ረቂቅዎን ከመታተሙ በፊት ለሳንሱር የሚወስዱበት ቢሮ የለም። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ስም ማጥፋት የሚለው አለ፣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ስለዚህ መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ በተለይ በሕይወት ያለ ሰው የሚመስልበትን ቦታ፣ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። የቀረውን፣ ማለት ምን ያህል ሥጋት መሸከም እንደምትችሉ፣ እርስዎና ባለቤትዎ እንጂ ሕግም እኔም አንለካላችሁም። ጽፎ ጨርሶ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ማኖርም አንዱ ምርጫ ነው፤ አለመጻፍ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው።

አገር ስለ መቀየር አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። በአርታዒነት ስሠራ አንድ ወጣት ደራሲ ስለ መጪው ዘመን የጻፈውን አመጣልኝ። ፈርቼ «አገሩን ምናባዊ አድርገው» አልኩት፤ ታዘዘኝ። ተስተካክሎ ሲመለስ ሰዎቹ «ምግብ» ይበላሉ፣ «መጠጥ» ይጠጣሉ፣ «ዋናው አደባባይ» ላይ ይገናኛሉ። እንጀራውም ጠላውም ከአገሩ ስም ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። ሳይታተም ቀረ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የእርስዎ ጡሩምባ ነፊ በንጋት ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርድ አንባቢ ከኋላው መሄድ አለበት። ስሙ በሌለ ከተማ ማን ይከተለዋል?

ከመሸሸግ ይልቅ ሰሙን ሙሉ ማድረግ ይሻላል። ያልተለቀሰለት ሬሳ ወዴት ይሄዳል? ማልቀስ የተከለከለችን እናት ሌሊት ማን ይሰማታል፣ ማንስ ይጠቁማታል? መዋጮው ምን ይሠራበታል? በዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው ጡሩምባው ተነፍቶለት ሳይሞት ቢቀር በመዝገቡ ምን ተብሎ ይጻፋል? ይህ ሁሉ መልስ ካለው ትልቁ እድር በራሱ እግር ይቆማል፤ ወርቅ ቆፋሪውም አንድ የሚታወቅ ስም ብቻ ይዞ መውጣት ያቅተዋል። የአንድ ባለ ሥልጣን ሽሙጥ ሆኖ የቀረ መጽሐፍ ሰውየው ከወንበሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ኃላፊዎ ደግመው ከጠየቁ «ስለ እድር ነው» ይበሉ፤ እውነት ነውና አያስዋሽዎትም። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ፈጽሞ አይጻፉ። ረቂቁን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን ያንብቡት፦ ሲያርሙት ከዋሉት ሰነድ ሾልኮ የገባ ፍሬ ነገር አለ? ካለ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ያውጡት። የደብዳቤው ቋንቋ ግን የማንም ነው። «ጉዳዩ»፣ «በግልባጭ»፣ «ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚሉትን ስንት ዓመት አርመዋል! ከሰባት ወር ዝምታ በኋላ የሚመለሱበትም በር ይህ ይመስለኛል። ትልቁ እድር ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ማልቀስ ያልተፈቀደላት መሆኑን የሚገልጽበትን ደብዳቤ ይጻፉ፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ማኅተም ይረፍበት፣ ግልባጩ ለማን ለማን እንደሚሄድ ይታወቅ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። በአንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ ከጠበበዎት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደው ሊጨርሱት ይችላሉ፤ የተከፈተው በታኅሣሥ 2014 ነው፣ መጽሐፍዎን በጀመሩበት ዓመት።

ሲቀጥሉ ሁለት አንባቢ ይበቃዎታል፤ አንደኛው እድር ውስጥ የኖረ፣ ሌላኛው ቤተሰብዎን የማያውቅ ይሁን። «ማንን ይመስላል?» የሚለውን እንዳይነግሩዎት አስቀድመው ይለምኗቸው፤ የሰለቻቸውን ቦታ ብቻ በእርሳስ ያስምሩበት። ባለቤትዎ ከሁለቱ አንዱ ባይሆን እመርጣለሁ። እሱ ገጹን ከነገረዎትና የተስተካከለውን ዳኛ ካሳዩት ለአሁኑ ይበቃል።

የጻፉልኝን ስጨርስ ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር ቀረ። አማትዎ ያንን ቆርቆሮ በነጠላቸው ቋጥረው ከወጡ በኋላ አሁን በተከራያችሁት ቤት የት እንዳኖሩት አልነገሩንም። ሲመችዎ ይጻፉልኝ።